ከአዛን እስከ አዛን

መካ ከጅዳ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች የመግሪብ፣ የፀሐይ መግቢያው፣ አዛን እዚያ ቀድሞ ይላል። ይህን ያወቅሁት ከባለቤቴ ስልክ ነው። እሷ መካ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ እኔ ጅዳ። መንገዱ በመኪና ቅርብ ነው፤ ግን እሷ ከቤት አትወጣም። ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት በመግሪብ ብቻ ነው። የእሷ አዛን በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ ሳንዘጋ የእኔ እስኪል እንጠብቃለን። ከዚያ "ያላ" ትለኛለች፤ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እኩል ለሶላት እንቆማለን። ትዳራችን ይህች ነበረች። "ተራራ ከተራራ አይገናኝም እንጂ ሰው ከሰው ይገናኛል" የሚሉ ሰዎች ማዳም ቤት ሠርተው አያውቁም።

የእኔ ሥራ የመድረክ መብራት ነው። መጀመሪያ ከወደቡ መጋዘን ሣጥን ተሸካሚ ነበርኩ፤ የምሸከመው መብራት መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። አሁን ዲጄ ሲጫወት መብራቱንና ስክሪኑን ከሙዚቃው ጋር አስማማለሁ። ታይምኮድ ይሉታል፤ ዘፈኑ የት እንደደረሰ የዲጄው ማጫወቻ ለእኛ ማሽን እየቆጠረ ይልካል። እኔ አስቀድሜ ከበሮው ሲገባ ቀይ፣ ድምፁ ሲቀንስ ሰማያዊ እያልኩ ለየዘፈኑ ትእዛዙን እሞላለታለሁ። ከዚያ ወዲያ ዲጄው ቢያፈጥን መብራቱ ይፈጥናል፣ ቢመልሰው ይመለሳል፣ ቢያቆመው ባለበት ይቆማል። ያልተሞላለት ዘፈን ከመጣ ግን በእጅ መጫወት ነው፤ ያኔ ከመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ንቅንቅ የለም። አዛን ሊል ሲል ከትርዒት በፊት የምናደርገው ልምምድ ስለሚቋረጥ ከባለቤቴ ጋር ለማውራት ተቸግሬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የማዳሟ ባል ሥራው ወደ ሪያድ ተዛወረ። ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ሄደ፤ እሷም ከዕቃው ጋር። ሪያድ ፀሐይ የምትገባው ከእኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ነው። ስትደውል እኔ ልምምድ መሀል ነኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ሰሌዳው ላይ ነው። መልሼ ስደውል ስልኩ ማዳም ዘንድ ገብቷል። ብዙ ቀን እንዲህ ሆነ። ናፈቀችኝ፤ ምግብ እስኪያስጠላኝ ናፈቀችኝ። ሩዋይስ ሰፈር ያለው ክፍላችን ውስጥ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች "ምን ነካህ?" ሲሉኝ ሙቀቱ ነው እላለሁ።

አንድ መላ ብቻ ታየኝ። የዲጄውን ዘፈኖች ሁሉ፣ በጭራሽ አልጫወተውም ያለውን ጭምር፣ ተቀምጬ ሞላሁ። አለቃችን ግብፃዊው መሐንዲስ "ማሻአላህ፣ ይኼ ሰው ሥራ ሲወድ!" አለ። እኔም ይሁንልህ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ልምምድ ተጀመረ። ዲጄው እንዳሻው ከዘፈን ዘፈን ሲዘል መብራቱ ያለ እኔ ተከተለው። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ እጄን ከሰሌዳው አንሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና ባሕሩ ላይ ነበረች።

"ያረቢ፣ አነሣኸው!" አለች። ትንሽ አለቀሰች፤ እኔም ከእሷ አልተሻልኩም።

"በይ አትዝጊው፤ እንደ ድሮው የእኔ አዛን እስኪል ጠብቂኝ" አልኳት።

"እኔ እኮ ሰግጃለሁ። እዚህ ጨልሟል። ማዳም እራት እየጠበቀች ነው።"

ባሕሩ ላይ ያለችውን ፀሐይ አየሁ። ያን ሁሉ ዘፈን ስሞላ ይህን አላሰብኩም ነበር። መብራቱን ከሙዚቃው ማስማማት ችያለሁ፤ የሪያድን ፀሐይ ግን ማን ያቆምልኛል?

"ምነው?" አለችኝ።

"አብረን መስገዳችን ቀረ ማለት ነው።"

"ሶላቱን እንዴት ላቆየው? ዱዓዬን ግን አቆይልሃለሁ" አለች። "እዚህ ከመጣን ጀምሮ፣ አሁን የጅዳ አዛን ይላል ብዬ ሳስብ፣ ድስቱ አጠገብ ቆሜ ነው ዱዓ የማደርገው። አንተ ብቻህን የምትሰግድ መስሎህ ነበር?"

ከኋላዋ የማዳሟ ጥሪ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ። እዚያው ቆሜ ፀሐይዋ እስክትገባ ጠበቅሁ። አዛን ሲል "ያላ" አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።