ኮርቻ ተሸክሜ በቅሎ ፍለጋ

የበቅሎ ዋጋ በየገበያው የሚጨምረው በራሴ ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መሐል ሜዳ አስተማሪ ሆኜ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘመሮ አጠገብ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ልጃቸውን ሊድሩልኝ ፈቀዱ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሲነሡ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ በተውሶ በቅሎ ከቤቴ አትወጣም» አሉ። «በጥር ካልሆነልህ ከፋሲካ በኋላ ትመጣለህ። እስከዚያ ሌላ ጠያቂ ቢመጣ ግን እንቢ አልልም።» እኔ ልጅቷን ወድጃታለሁ። ያ ሌላ ጠያቂ የሚሉት ሰው እንቅልፍ ነሳኝ።

ጓደኞቼ ሁሉ መካሪ ሆኑ። አንዱ ሰጋር ግዛ፣ ሌላው ዳማ ግዛ ይለኛል። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ የሚባለው ይህ ነው። በእኔ ደመወዝ የምመኘው አራት እግር ያላትን ብቻ ነበር።

በኅዳር አንድ ያገለገለ ኮርቻ በርካሽ አገኘሁና ገዛሁ፤ ግማሹን ጨረስሁ ብዬም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ኮርቻውን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ በቅሎዋን እንደገዛሁ ጭኜ፣ ተቀምጬባት ልመለስ። በመጀመሪያው ገበያ አንዲት በቅሎ ወደድሁ፤ ነጋዴው የጠራው ዋጋ ካጠራቀምሁት ጥቂት በለጠ። በሚቀጥለው አሥር ብር ጨመረ፣ በሦስተኛው ሌላ አሥር። «የሠርግ ወር ስለደረሰ ነው» ይለኛል፣ ዓይኑን ከኮርቻዬ ላይ ሳያነሣ።

ከገና በኋላ ባለው ገበያ አጎቴ ከራቤል መጥተው አብረውኝ ወጡ። ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ ሲያዩ ቆመው ሳቁ።

«አንተ ሞኝ፣ ኮርቻ ተሸክሞ የመጣ ሰው በቅሎ ሳይገዛ እንደማይመለስ ማን ያጣዋል? የምታስወድዳት ራስህ ነህ።»

አፈርሁ። እሳቸው ኮርቻውን ተቀብለውኝ ከበቅሎ ተራው ፊት ለፊት አኖሩትና «የሚሸጥ ኮርቻ» እያሉ ተቀመጡ። ነጋዴው ብዙም አልቆየ፤ በቅሎዋን እየሳበ መጣ።

«መምህር፣ ምነው? በቅሎዋስ?»

«ትቶታል» አሉ አጎቴ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ነጋዴው ወዲያ ወዲህ አለና የመጀመሪያውን ዋጋ ጠራ። ለእሱም ቢሆን ጥቂት ይጎድለኝ ነበር። በዚሁ መሐል አንድ ገበሬ ኮርቻውን እኔ ከገዛሁበት አስበልጦ ወሰደው፤ ለካ ኮርቻም ተወዷል። ያው ገንዘብ የጎደለኝን ሞላና በቅሎዋ የእኔ ሆነች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኮርቻ እንደሌለን ትዝ ያለን ከገበያው ወጥተን ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው።

ሌላ የምገዛበት አልነበረኝም። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ።

«በቅሎዋ የራሴ ናት። ኮርቻ ግን ቢያውሱኝ።»

ልጅቷ ጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ።

«በተውሶ በቅሎ አልሁ እንጂ ስለ ኮርቻ አልተናገርሁም» አሉ መሪጌታ።

በሠርጉ ቀን ከሚዜዎቼ አንዱ የኮርቻውን ማማር አይቶ የማን እንደሆነ ጠየቀ። መሪጌታ ቀደሙኝ፦ «ኮርቻውም የእኔ፣ ልጅቷም የእኔ። የእሱ በቅሎዋ ብቻ ናት።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ኮርቻውን ልመልስ ሦስት ጊዜ ወሰድሁላቸው። በሦስተኛው ከደጃፋቸው ላይ መለሱኝ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ኮርቻ መሸከም አይሰለችህም?»