ጠጅ በበረዶ፣ ገና በረቡዕ

ወንድይራድ ኮክቴል መሥራት የተማረው በአርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ያውም ከዩቲዩብ፣ ያውም የነቢያትን ጾም እየጾመ። እስከዚያ ድረስ መጠጥ ለእሱ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። የብርጭቆ አፍ ላይ ስኳር መለጠፍ፣ ብርቱካን በክብ ቆርጦ ጠርዙ ላይ መሰካት፣ ይህ ሁሉ ሥራ ያጣ ሰው የፈጠረው ነገር ይመስለው ነበር። ልጅ ያለው ሰው ግን የማይማረው ነገር የለም።

ወንድይራድ የኦስሎ ትራም ነጂ ነው። ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻውን ይኖራል። ሁለት ልጆች አሉት፤ ፍቅር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ ኖኤል ደግሞ አሥር። ሁለቱም የሚኖሩት ከእናታቸው ከአፀደ ጋር ነው። እሱ ጋ የሚመጡት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ከዚያ በቀር ደግሞ ገና የእሱ ነው።

ገና የእሱ የሆነበት ታሪክ እንዲህ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ከአፀደ ጋር ሲለያዩ አንዲት ሽበታም ኖርዌያዊት አደራዳሪ ፊት ቀረቡ። ሴትዮዋ የልጆቹን ነገር አንድ በአንድ ስታስማማ ቆይታ ዩል ላይ ደረሰች፤ ዩል የኖርዌዮቹ ገና ነው፣ ዴሴምበር ሃያ አራት ማታ የሚከበረው። «አንድ ዓመት እናት፣ አንድ ዓመት አባት ቢሆንስ?» አለች። ወንድይራድ በሆዱ ሳቀ። ዴሴምበር ሃያ አራት ለእሱ የጾም ቀን ነው፤ ሽሮና ምስር የሚበላበት፣ ከሌላው ቀን በምንም የማይለይ ቀን።

«እሱ ለእሷ ይሁን፣ በየዓመቱ» አለ። «ለእኔ ጃንዋሪ ሰባትን ስጡኝ፣ በየዓመቱ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ሴትዮዋ።

«ያ፣ ያ» አላት፣ አዎ አዎ እንደማለት።

አፀደ ቀና ብላ አየችው፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀችና ተወችው። «ይሁን» ብቻ አለች። እሱም ከዚያ እንደወጣ ለታላቅ እህቱ ለሙሉ ደውሎ፣ «እትዬ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉት ዛሬ ደረሰልኝ!» አላት። እውነተኛውን ገና ይዞ የውሸቱን የሰጠ መስሎት ነበር። ሥራም ቦታ እንደዚሁ ተገበያየ። ዴሴምበር ሃያ አራት ባልደረቦቹ ከቤተሰባቸው እንዲሆኑ እሱ ይነዳላቸዋል፤ በለውጡ ጃንዋሪ ሰባት ፈቃድ ያገኛል። የትራም ማደሪያው ዲፖ በሙሉ ይመርቀዋል።

ችግሩ ጃንዋሪ ሰባት ኦስሎ ውስጥ ምንም አለመሆኑ ነው። ትምህርት ቤት አለ፣ ሥራ አለ፣ ሰው ዩሉን አክብሮ፣ አዲሱን ዓመት ርችት ተኩሶ፣ ወገቡን ይዞ ወደ ኑሮው የተመለሰበት ጊዜ ነው። የጥድ ዛፎቹ እንኳ ከየቤቱ ተጎትተው ወጥተው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተጋድመዋል። ልጆቹ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ፣ ደክሟቸው ይመጣሉ። አምና ፍቅር በሳህኗና በሒሳብ ደብተሯ መሀል አንገቷን ደፍታ አመሸች፤ ኖኤል ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ፣ «አባዬ፣ ነገ ትምህርት አለኮ» ተብሎ ነገሩ አበቃ። ወንድይራድ ያን ዕለት የተረፈውን ዶሮ እያየ ብዙ ተቀመጠ። ይህችም በዓል ካመለጠችው ልጆቹን በምን እንደሚይዛቸው አላወቀም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ልጆቹም ገናን ሳይናፍቁ ሊያድጉ ነው።

ኮክቴሉ የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ኅዳር ላይ ፍቅር የጓደኛዋ እናት በልደት ቀን የሠራችላቸውን ቀይ መጠጥ እያነሳች ስታወራ፣ ዐይኗ እንዴት እንደበራ አየ። በማግስቱ የስደተኛ ሱቆች ወደሚበዙበት ግሮንላንድ ሰፈር ወርዶ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገዛ።

የመጀመሪያው ሙከራ ለሰው የሚነገር አይደለም። ከርከዴውን አብዝቶ አፍልቶት ጥርስ አጠረሰ። ሁለተኛው ላይ ጋዝ ያለውን ውሃ ቶሎ ይቀዝቅዝልኝ ብሎ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ረሳው፤ የኦስሎ ውርጭ ጠርሙሱን አፈነዳው። በሦስተኛው ግን ነገሩ ገባው። ከርከዴውን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አንዴ ብቻ ማንተክተክ፣ ማጥለል፣ ማቀዝቀዝ። ዝንጅብሉን በስኳር ማፍላት። ከዚያ ከርከዴ፣ ትንሽ የዝንጅብል ስኳር፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ በላዩ ጋዝ ያለው ውሃ። በበረዶ ፋንታ ቲተበር፣ ያቺ ጫካ የምትለቀም ቀይ የኖርዌይ ፍሬ፣ በረዶ ሆና ትገባለች። ይህ ለልጆቹ ነው። ለአዋቂ ደግሞ ግማሽ ብርጭቆ ጠጅ፣ ብርቱካን፣ ከዝንጅብሉ ጠብ አድርጎ በረዶ። ሕፃን ልጅ ይሠራዋል፤ ወንድይራድ ግን ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል።

ረቡዕ፣ የገና ዕለት፣ ሙሉ ዶሮዋን በድስት አቅፋ መጣች። ሙሉ ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ የሰው ልጅ የምትይዝ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አይታ ድስቱን እንደያዘች ቆመች።

«ምንድነው ይሄ? ፋርማሲ ከፈትክ?»

«ኮክቴል ነው፣ እትዬ። ቅመሺው እስቲ።»

አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው። «ጠጅ ላይ በረዶ! አንተ፣ አባታችን ይህን ቢያይ ከመቃብር ተነስቶ ይገርፍህ ነበር።» ከዚያ ሁለተኛ ተጎነጨች፣ ሦስተኛ ደገመች። «ኃጢአት መሆኑ ካልቀረ ትንሽ ጨምርልኝ።»

አመሻሹ ላይ ደወሉ ጮኸ። አፀደ እንደ ወትሮዋ ልጆቹን ከታች በር አድርሳ ተመልሳለች፤ ፎቅ አትወጣም፣ እሱም ነይ ግቢ ብሏት አያውቅም። ኖኤል ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ጠረጴዛውን አየና «ኦይ!» ብሎ ጮኸ። ፍቅር እንኳ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ወንድይራድ የሁለቱንም ብርጭቆ አፍ በሎሚ አርሶ፣ በከርከዴ ባቀላው ስኳር ላይ ገለበጠና ቀዳላቸው። 

«ስኮል!» አለ ኖኤል።

«ስኮል ሳይሆን ለጤናችን በል» አለችው ሙሉ።

«ለጤናችን ስኮል!»

እንደዚያ ያለ ማታ በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ኖኤል ሦስት ብርጭቆ ጠጣ፤ ከንፈሩ ላይ ቀይ የስኳር ጺም አበቀለ። ፍቅር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችው፤ አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንድ ላይ ቀዱ። ዶሮው ተበላ፣ እንቁላሉ ተከፋፈለ፣ ሙሉ ልጅ ሳለች ገና ጨዋታ ላይ የጎረቤት ልጅ እግር በዱላ የሰበረችበትን ታሪክ አወራች። ወንድይራድ ያያቸዋል።  ያዝኳቸው፣ ይላል በሆዱ፤ ይኸው ያዝኳቸው።

ኖኤል የብርጭቆውን አፍ እየላሰ፣ «አባዬ» አለው። «ለሚመጣው ዓመት ይሄን ለዩል ሥራልን። ለእውነተኛው።»

ፍቅር በጠረጴዛው ሥር ረገጠችው።

«ምን? ለምንድነው የምትረግጪኝ?»

«አባዬ ዩል አይወድም፤ ታውቃለህ» አለችው በኖርዌይኛ፣ ቀስ ብላ።

«ማነው አይወድም ያለሽ?» አላት ወንድይራድ።

ፍቅር ግራ ገባት። «አንተ ነሃ። ሁልጊዜ ሥራ ትገባለህ። የእኔ አይደለም ብለህ ሰጥተኸናል።»

«ኖኤል እኮ የአሁኑ ዩል ማታ አይቶሃል» አለች ቀጥላ፤ መናገሯን ወዲያው ጠላችው፣ ግን ወንድሟ ቀድሞ ነጠቃት።

«ያ! በትራምህ ሄድን! ማማ ጓደኛዋ ጋ እራት ተጠርታ፣ ቢየርቪካ ፌርማታ ላይ ስንገባ አንተ ነበርክ የምትነዳው። ከፊት በር አይቼህ መስታወቱን ላንኳኳ ስል ፍቅር ያዘችኝ።»

«ለምን ያዝሽው?» ወንድይራድ ድምፁን ለማለስለስ ሞከረ።

ፍቅር ዐይኗ እንባ ሞላ። «አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር። ስጦታ ይዘን ነበር። አንተ ደግሞ ብቻህን፣ ዩኒፎርም ለብሰህ… ብታየን የምታዝን መሰለኝ።»

«አንተ እኮ በማይክ ጉ ዩል አልክ» አለ ኖኤል፤ መልካም ዩል ማለት ነው። «ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኛ ግን ከኋላ ሆነን፣ ጉ ዩል አባዬ አልንህ። እዚያ ከፊት አይሰማም እንዴ?»

«አይሰማም» አለ ወንድይራድ።

ሙሉ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ያልተበላበትም ሳይቀር። ወንድይራድ ኖኤልን ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ልጁ ለዚያ ትልቅ ቢሆንም እንቢ አላለም። ፍቅርንም በአንድ እጁ ሳባት። አዝኖ ነበር፤ እንደዚያ ያዘነበትን ቀን አያስታውስም። ልጆቹ ከኋላው ተቀምጠው እያዘኑለት እሱ ባዶ ሐዲድ ሲያይ ኖሯል። ሞፈሩ የተቆረጠው ከራሱ ደጃፍ ነው።

ሰዓቱ አልፎ ልጆቹ ስላልወረዱ አፀደ ያን ዕለት ወጥታ በሩን አንኳኳች። ልጆቹ ጃኬታቸውን ሲለብሱ ወንድይራድ ወደ ደረጃው ወጣና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው። ቦት ጫማዋ ላይ በረዶ አለ። ከስታለች።

«አፀደ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት። «ሃያ አራትን። ግማሹን ብቻ፣ አመሻሹን። ወይም አንድ ዓመት አንቺ፣ አንድ ዓመት እኔ።»

አፀደ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «ያቺ አደራዳሪ ሴትዮ ያኔ እንደሱ ብላህ አልነበር?» አለችው።

«ብላኛለች። አልገባኝም ነበር።»

«ወንድይራድ፣ ያን ቀን ይሄ ከተማ በሙሉ በሩን ይዘጋል። ጓደኛዬም ዘንድሮ የጠራችን ለእነሱ ብላ ነው፤ ከእነሱ ሌላ ማን አለኝ?»

«ይሄው ነው እኮ፣ እኔም—»

«ቆይ፣ ዛሬስ?» አለችው። «ገና ለእኔ በዓሌ አይደለም? አንድ ቀን፣ ልጆቹን ከታች አድርሳ የት ትሄዳለች ብለህ ታውቃለህ?»

 ወንድይራድ ብሎ አያውቅም። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን።

«ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ለብቻዬ ፈሰክሁ» አለች። «ጠዋት ሥራ ገባሁ። ፈቃድ አጥቼ አይደለም፤ ቤት መዋሉን ፈርቼ ነው። ቢየርቪካ የሰው ቢሮ ስጠርግ ዋልኩ፤ ልጆቹን እዚህ አድርሼ ደግሞ ባዶ ቤት ገባሁ። አምናም እንደዚሁ፣ ካቻምናም።»

«ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሃያ አራትንም እንዳላጣ ነዋ። አንተ ገናን ስትመርጥ ፊትህ እንዴት እንደሳቀ አይቻለሁ።»

ከውስጥ ኖኤል አንድ ጓንቱ ጠፍቶበት ሲጮህ ይሰማል። ወንድይራድ፣ «ትንሽ ቆይኝ» ብሏት ገባ፤ ብርጭቆ አንስቶ ጠርዙን ስኳር ቀባ፣ ጠጁን ቀዳ፣ ብርቱካኑን ጨመረ። ሙሉ አየችውና በረዶ ጨመረችለት። ነይ ግቢ ሊላት አስቧል። ተመልሶ ሲወጣ ግን ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው አጠገቧ ቆመዋል፣ ኖኤል እያዛጋ ነው፣ ነገ ትምህርት አለ።

አፀደ ኮቷን እንደለበሰች፣ ደረጃው ላይ ቆማ ጠጣችው። ሁሉንም ጠጣች። ብርጭቆውን መለሰችለት።

«ይጣፍጣል» አለች።

«እንኳን አደረሰሽ» አላት። በአምስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችና የኖኤልን እጅ ይዛ ወረደች። ፍቅር ከታችኛው ደረጃ ላይ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችለት።

ቤት ሲገባ ሙሉ ሳህን ታጥባለች። ፊቷን ሳታዞር፣ «ምን አለችህ?» አለችው።

«እትዬ፣ ብቻዋን ነው የምትውለው» አለ ወንድይራድ። «በየዓመቱ፣ እኔ እዚህ ዶሮ ሳበላ እሷ ብቻዋን ነው የምትውለው።»  ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ።