ያልተናገርኩት ቅባት

ጌታ ይባረክ፣ ወገኖቼ! እስቲ ማይኩን ዝቅ አድርጉልኝ፣ ቁመቴን ታውቁታላችሁ። ምስክርነት አለኝ። «ትርንጎ መስክራ የለም እንዴ?» እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። አዎ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እዚችው ቦታ ላይ ቆሜ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳይቻችሁ እልል ብላችኋል። ዛሬ የቆምኩት ያንን ምስክርነት ልጨርሰው ነው። ግማሹን ውጬው ነበርና። እልልታችሁን ግን እስክጨርስ ድረስ አቆዩልኝ፣ አደራ።

ለማታውቁኝ፣ ትውልዴ አምባሰል ነው። ሐይቅ ከተማ የመጣሁት በትዳር ነው፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ዓሣ እየፋቅሁ፣ እየጠበስኩ ኖሬያለሁ። ቆሮሶ ዓሣ ከጀልባ ሲወርድ ተቀብዬ፣ ቅርፊቱን ፍቄ፣ አጥንቱን አውጥቼ ፊሌቶ ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ትዕቢት አይሁንብኝና በዚያ ዳርቻ እንደኔ ቢላ የሚይዝ ወንድ እንኳ አልነበረም። አፌም ከቢላዬ አይተናነስም። ዋጋ የተከራከረኝን ሰው ከነዘሩ ነበር የማነሳው። ማንንም አልለምንም፣ ማንንም አልፈልግም፣ በእጄ እኖራለሁ ባይ ነበርኩ። ጌታን አላውቀውም፤ አምላኬ እጄ ነበር ብል አላጋነንኩም።

መጀመሪያ ክርኔ ላይ ወጣ። ቀይ ነው፣ ከላዩ ነጭ ቅርፊት አለው። ሳክከው ይረግፋል፣ ከሥሩም ይደማል። ከዚያ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ፎሮፎር ነው ብዬ ያልቀባሁት ነገር የለም። ሰው ደግሞ ምክር አይሰስትም መቼም! «ዓሣ በልተሽ ወተት ጠጥተሽበት ነው» አሉኝ። ይህን ነገር ያልሰማ መቼም የለም፤ ዓሣና ወተት ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ቆዳ ይበላሻል ይባላል። እኔም ሞኟ ወተቱን ተውኩ፣ ዓሣውንም ተውኩ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ዓሣ ስጠብስ ውዬ እኔ ሽሮዬን እበላለሁ። ምንም ለውጥ የለም! እንዲያውም «የዓሣው ቅርፊት ተጋባባት» የሚሉም መጡ።

የሰበረኝ ግን ለቅሶ ቤት ነው። በኛ አገር ለቅሶ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚቀመጠው፤ ትሪ ሲቀርብ አራት አምስት ሆነን ከበን እንበላለን። ያን ቀን እኔ እጄን ወደ ትሪው ስሰድ ሦስቱ ሴቶች አንድ ላይ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አስተናጋጇ መጣችና በትሕትና «ለትርንጎ ለብቻዋ እናምጣላት» አለች። ትሕትናዋ ነው የገደለኝ። ቁምጥና መስሏቸው ነበር። ያ ሁሉ አፍ የነበረኝ ሴትዮ አንድ ቃል ሳልመልስ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ መድረስም ተውኩ፤ ወሎ ላይ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ደግሞ እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው።

በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ አንዲት ደንበኛዬ ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠችኝ፤ ሴቶች ፊት ያጠራል እያሉ ገበያ ላይ የሚገዙት ነው። ሐኪም አላዘዘውም። ጧትና ማታ ክንዴን፣ እግሬን፣ ሆዴን እለቀልቀው ጀመር። ሲያልቅብኝ ሌላ እገዛለሁ።

ሁለተኛው፣ እነሆ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እማማ አስካለ ዓሣ ሊገዙ መጡ። ሌላው ሰው ብሩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎልኝ ነበር የሚሄደው። እሳቸው ግን እጄን ያዙት፤ በባዶ እጃቸው፣ ከነቅርፊቱ! «ልጄ፣ ይህ እጅ ደክሞታል» አሉኝ። ሌላ ስብከት አልሰበኩኝም። ከዓመት በላይ ሰው እጄን ነክቶት አያውቅም ነበር። እሑድ ተከትያቸው መጣሁ፣ እዚያ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አልቅሼ አልቅሼ ጌታን ተቀበልኩ። ይህ እውነት ነው፣ ወገኖቼ። ስሙ ይባረክ! ይህን ክፍል ዛሬም አልለውጠውም።

ጸለያችሁልኝ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቆዳዬ ጠራ። እኔም ዘልዬ መሰከርኩ። ስመሰክር ስለ ዓሣና ወተቱ አወራሁ፣ ስለ ለቅሶ ቤቱ አወራሁ፣ ስለ ጸሎታችሁ አወራሁ። ስለ ቅባቱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አልዋሸሁም እኮ፣ ብቻ ዘለልኳት። ለምን? ቅባቱን ካነሳሁ እልልታው የሚቀንስብኝ መሰለኝ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ክኒን፣ መርፌ ምን ያደርጋል? እኔን አይታችሁ እመኑ!» ብያለሁ። በማግስቱ የቀረኝን ቅባት ይዤ ወርጄ ሐይቁ ውስጥ ወረወርኩት። እምነት መሆኑ ነው።

ሦስት ሳምንት አልቆየም። ተመልሶ መጣ፤ አመጣጡም እንደ መጀመሪያው አይደለም፣ ጀርባዬን፣ ሆዴን፣ ጭኔን ሁሉ አለበሰኝ። ቀጥሎ የቀኝ እጄ ጣቶች አበጡ፣ ከጫፍ እስከ ሥር ድብልብል አሉ። ጧት ስነሣ እጄን መጨበጥ ያቅተኛል፤ ፀሐይ ሞቅ እስኪል ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ተረከዜ መሬት ሲነካ ያስጮኸኛል። ጥፍሮቼ በመርፌ የተወጉ ይመስል ተበሳሱ። ያ ቢላ፣ ያ የምመካበት ቢላ፣ ከእጄ እየወደቀ መሬት ላይ መንኳኳት ጀመረ። እጄ ከሄደ ደግሞ ምን በልቼ አድራለሁ?

እናንተ ይህን ሁሉ አላያችሁም፤ አየሩ ሲሞቅም ረጅም እጅጌ ነበር የምለብሰው። እጄ ላይ ስለማጠልቀው ጓንት ሲጠይቁኝ «የዓሣው ሽታ እንዳይዘኝ» እላለሁ። አሟት የመጣችውን ሁሉ «ትርንጎ ትጸልይልሽ፣ እሷ ምስክር ናት» እያላችሁ ስትልኩልኝ፣ በጓንት እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ቤቴ ገብቼ «ጌታ ሆይ፣ ምን አጥፍቼ ነው የተውከኝ?» እያልኩ አለቅሳለሁ። እሱ አልተወኝም ነበር፤ እኔ ነኝ የሱን ስም ለማስጠበቅ ብዬ የምደበቀው። ጌታ የኔ ጓንት ያስፈልገዋል እንዴ?

ጎረቤቴን ዘይነባን ታውቋታላችሁ፣ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው። አንድ ጧት እሳት ልትወስድ ስትገባ ጓንቴን አውልቄ አገኘችኝ። ልደብቅ ስል እጄን ቀማችኝና ጥፍሬን አገላብጣ አየች።

«ያረቢ! አንቺ ትርንጎ፣ ይህ እኮ ዓረቦች ሰደፊያ የሚሉት የቆዳ በሽታ ነው!» አለች።

«ምንድነው ደግሞ እሱ?»

«ማዳሜ የነበረባት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቅባቷን የምቀባት እኔ ነበርኩ። ወላሂ አይጋባም፤ ቢጋባ እኔ ላይ አታይም ነበር? እሷም ጣቷ እንዲህ አብጦ በመድኃኒት ነው የተመለሰላት። ተነሽ፣ ደሴ እንሂድ።»

«አልሄድም። ድኛለሁ ብዬ መስክሬያለሁ። አሁን መድኃኒት ብወስድ እግዚአብሔርን ውሸታም ማድረግ ነው።»

«እሱ ውሸታም አይሆንም፣ አብሽሪ። የሚያስፈራሽ የሰው አፍ ነው» አለችኝ። ተናደድኩባት። እውነት ስለሆነ ነዋ! አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት።

በዚያው ሳምንት እማማ አስካለ ወደቁ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ታውቃላችሁ። ሄጄ ስጠይቃቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፣ እግራቸው ተጠቅልሏል። ልጃቸው «ክኒናቸውን ካቆሙ ወራት ሆኗቸዋል» አለችኝ። «እማማ፣ ምነው? ለምን አቆሙ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ፣ ደግሞ እኮ ፈገግ አሉ! «አንቺ መድኃኒት ሳትነኪ ድነሽ የለም እንዴ፣ ልጄ? እኔስ ካንቺ በምን አንሳለሁ ብዬ ነው» አሉኝ።

እናንተዬ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ በዘለልኳት አንዲት ቃል ክኒናቸውን ከእጃቸው አስጣልኳቸው። እግራቸው ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ አንድ ጣታቸውን ወሰደች። እዚያው አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ጓንቴን አወለቅሁ፣ ስለ ቅባቱ ነገርኳቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱና «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂና ታከሚያ!» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ወደ ፓስተር ሄድኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቸውም «ያን ቀን ሐኪም አይቶሻል ወይ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉ። ቀጥለው መነጽራቸውን አውልቀው አሳዩኝ፤ «ትርንጎ፣ እኔ ያለዚህ አንድ ጥቅስ አንብቤልሽ አላውቅም። በዚህ ምክንያት እምነቴ ጎደለ?» አሉኝ። ስቄ አለቀስኩ።

ዘይነባን ይቅርታ ጠይቄ ደሴ ሄድን። የቆዳ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ቸኩላ አላባረረችኝም። ክርኔን አየች፣ ፀጉሬን ፈልፍላ አየች፣ ጥፍሬን ወደ ብርሃን አዞረች። «ጧት ሲነሡ መገጣጠሚያዎ ለምን ያህል ጊዜ ይተሳሰራል?» አለችኝ። ደም አስመረመረች፣ እጄን ራጅ አስነሣች። በመጨረሻ «በሽታው ሶሪያሲስ ይባላል። ጣትዎና ተረከዝዎ ላይ ያለውም ሌላ አይደለም፣ ያው እሱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ሥጋ ሲወጋ የሚመጣ ነው። አይጋባም። ከዓሣም ከወተትም አይደለም» አለችኝ። ከዓሣ አይደለም ስትል ዘይነባ እንዴት እንደሳቀች!

ስለ ቅባቱ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። «እሱ ያለ ሐኪም የሚቀባ አይደለም። በጣም ጠንካራ ነው፤ ያን ያህል ሰውነት ቀብተው በአንድ ጊዜ ሲያቆሙት በሽታው ብሶ ይመለሳል» አለች። «ታዲያ እድናለሁ ወይ?» አልኳት። «ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ግን ይገራል። እጅዎን እናድናለን። ይቺ የቀለበት ጣት ግን ውስጧ ተጎድቷል፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…» ብላ አልጨረሰችውም። እኔ ጨረስኩት በልቤ።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ «አንድ ቀን! በየቀኑ ከዋጡት አደገኛ ነው» ብላ ሦስቴ አስደገመችኝ። የኔ ቀን ረቡዕ ነው። በማግስቱ ደግሞ ፎሊክ የሚባለውን ቫይታሚን እውጣለሁ፣ ለቆዳዬ ያዘዘችልኝን ቅባት በልኩ እቀባለሁ፣ ጉበቴ እንዲታይ በቀጠሮዬ ደም እሰጣለሁ። ቶሎ አልሠራም፣ ወገኖቼ። ሁለት ወር ሙሉ «እየዋጥኩ ነው ግን ምንም የለም» እያልኩ ተማረርኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ጧት ሳላስበው ጀበናዬን በአንድ እጄ አነሣሁት። ቆሜ አየሁት። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን! እዚያው ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ዘመርኩ። አሁን ቢላዬን እይዛለሁ፤ ቆሮሶ ለመፋቅ ሁለት ደቂቃ ሳይሆን አራት ይፈጅብኛል፣ ይሁን። ደግሞ መድኃኒቴን አካፍዪኝ የምትሉኝ አላችሁ፤ አልሰጥም! ሄዳችሁ ታዩ፣ የኔ ለኔ ነው የታዘዘው።

ታዲያ ጌታ ምን አደረገልሽ ትሉኝ ይሆናል። ይኸውላችሁ። ሰው ሁሉ በሸሸኝ ጊዜ በእማማ አስካለ እጅ ያዘኝ። እኔ በተደበቅሁ ጊዜ በዘይነባ ዓይን አገኘኝ። በዚያች ልጅ እግር ሐኪም እውቀት አከመኝ። ከሁሉ በላይ ከውሸቴ ፈወሰኝ፤ እሱ ከቅርፊቱ ይልቅ ሥር የሰደደ ነበር። በዚህ ጌታ ታመኑ፣ ወገኖቼ። እየጸለያችሁ ታከሙ፣ እየታከማችሁ ጸልዩ፤ እሱ አይቀየምም።

ያን ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ የጠራውን ክንዴን አሳይቻችሁ ነበር። ዛሬም እሰበስበዋለሁ። እዩት። ክርኔ ላይ ይቺ ቀርታለች፣ ትመጣለች ትሄዳለች። ይቺ ጣቴም ከእንግዲህ አትቃናም። አልሸፍናትም፣ እማማ አስካለ ጣታቸውን ያጡት በምን እንደሆነ እንዳልረሳ።

እማማ፣ ይቅርታዎን አልጋዎ አጠገብ ለብቻዬ ሰጥተውኛል። ያጠፋሁት ግን በማኅበር ፊት ነውና በማኅበር ፊት ይቅር ይበሉኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት፤ የዛሬ ጧቱን ክኒን ወስደዋል?

አያችሁ፣ አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሉ አሁን እልል በሉ!