ማሰሪያ ሳይታሰር በረዶ አይረገጥም

ስመኝ ለታላቅ ሰው «አይሆንም» ማለት አይሆንላትም። ምን ታድርግ፣ አስተዳደጓ ነው። የአሜሪካዋ ደብሊን ውስጥ ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸውን ፈረንጅ ሽማግሌ እንኳ «ጋሼ አንገስ» ነው የምትላቸው። እሳቸውም ከአፏ የያዟት አንዲት የአማርኛ ቃል አለች፤ «እሺ»።

ጋሼ አንገስ የተወለዱት ካናዳ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ የምትባል ደሴት ላይ ነው። የዛሬውን ቁርስ ይረሳሉ፤ ደሴቷን ግን አይረሱም። አፈሯ ቀይ ነው፣ ድንች ያበቅላል። ብርዱ ሲገባ ባሕሩ በበረዶ ይሸፈንና ደሴቷ ከዓለም ትቆረጥ ነበር። ያኔ አያታቸውና ጓደኞቻቸው ፖስታ የጫነች ጀልባ በበረዶው ላይ ይጎትታሉ። በረዶው ቢከዳቸው እንዳይሰምጡ ሁሉም በጠፍር ከጀልባዋ ጋር ይታሰራሉ። «ማሰሪያ ሳይታሰር በረዶ አይረገጥም» ይሏታል ጋሼ በየቀኑ። እሷም በየቀኑ እንደ አዲስ ትሰማለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከጓሮ ያለውን ኩሬ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና፣ «በረዶው ጠንክሯል፤ ልሻገር ነው» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አለች፣ ሳህን እያጠበች። ወሬ መስሏት ነበር።

እጇን አድርቃ ዞር ስትል በሩ ተከፍቷል። ክው አለች። ሽማግሌው በቤት ጫማ ኩሬው መሀል ደርሰዋል። ሰሞኑን ደግሞ ሞቅ ብሎ ስለሰነበተ በረዶው ሳስቷል። የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ደውላ አድራሻውን ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይመለሱ! በጌታ!»

አልሰሟትም። በረዶው ተንጣጣ። ብትገባ ሁለቱም መስመጣቸው ነው። «ጌታ ሆይ፣ እሺ ብዬ ገደልኳቸው» አለች፤ ዳሩ ላይ ተንበረከከች። ከዚያ ድንገት ትዝ አላት።

«ጋሼ አንገስ! ማሰሪያዎን አላሰሩም!»

ቀጥ አሉ። ወገባቸውን ዳሰሱ። ፊታቸው በፍርሃት ተለዋወጠ። ዞረው እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። ዳሩ ጋ ሲደርሱ በረዶው ተሰብሮ አንድ እግራቸው ገባ፤ ካፖርታቸውን ጨምድዳ ይዛ ስትስባቸው አብረው ሣሩ ላይ ወደቁ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው መረመሯቸው፤ ደህና ናቸው ብለው ሄዱ። ስመኝ ጋሼን በብርድ ልብስ ጠቀለለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ መስኮቱ ማየት ጀምረዋል።

«ስመኝ፣ ማሰሪያዬን አምጪልኝ። ልሻገር ነው።»

«እሺ» አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«አይሆንም፣ ጋሼ።» ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ይቆጡኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

ጋሼ አንገስ ከመስኮቱ ፊታቸውን መለሱ።

«እሺ» አሉ።