አራት ደቂቃ ጩኸት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኖዓ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አወረደች። ውስጡ ካሴት ነው። ኖዓ ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማራለች፤ ቤታችን ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ የሷ ግዛት ነው፤ ፍሪጁም እሷን ሳያስፈቅድ የሚከፈትልኝ አይመስለኝም። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሯ እየገለበጠች ሳለ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አንሥታ ጠራችኝ።

«አባ፣ ይኼ የወርቄ ካሴት መጀመሪያው ላይ አራት ደቂቃ ጩኸት አለው። ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት። ልቁረጠው?»

ከሶፋው እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሐኪሙ ጉልበትህ አብቅቶለታል ካለኝ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ በዚያች ደቂቃ ግን ሚዳቋ ሆንኩ።

«እንዳትነኪው!»

«ጩኸት እኮ ነው አባ።»

«አውቃለሁ። የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀች። እኔ ቤት ውስጥ የምናገረው ሁሉ ቀልድ ነው ተብሎ ስለተደመደመ፣ እውነት መናገር ሲያምረኝ ሁለት ምስክር ማቆም አለብኝ። ይህን ደግሞ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። የሚያስቅ ታሪክ ቢሆን ኖሮ መቶ ጊዜ ትሰማው ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በእስራኤሏ የባሕር ዳር ከተማ በአሽቀሎን ከኔ የበለጠ ሥራ የሚበዛበት ሰው አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ። ጠዋት ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ የአንድ ሠርግ አዳራሽ ወለል እወለውላለሁ። በመሐል የሠፈራችንን ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ግማሹን በብየዳ፣ ግማሹን በጥፊ። ፀጉሬን የማበጥርበት ጊዜ ስላጣሁ ተላጨሁት። የጎረቤት እናቶች ሲያዩኝ «ኮምፒውተሩ መጣ» ይላሉ፤ እኔም ቀና ብዬ እሄዳለሁ።

ኮምፒውተር ነበረኛ! ከሚግዳል ገበያ፣ ወይራ በበርሜል ከሚሸጡት ሰዎች ጀርባ፣ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ከሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ያገኘሁት ነው። በአውቶቡስ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው መጣሁ። ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ሆዱን ስለሚያሳምመው በፀጉር ማድረቂያ አሞቀዋለሁ። ዲስክ የሚባል ነገር አያውቅም። የጻፍከውን ፕሮግራም ወደ ጩኸት ይለውጥና ዘፈን በምንሰማበት በተራው ካሴት ላይ ይቀዳዋል፤ ስትፈልገው ያንን ጩኸት መልሶ ያነበዋል። የቤታችን ብቸኛ ቴፕ ለዚህ ሥራ ከኔ ክፍል ታስሮ ነበር።

የዚያ ዓመት እብደቴ ፊደል ነበር። የኛን ፊደል በስክሪን ላይ በነጥብ በነጥብ እሥላለሁ። «ሀ»ን ለመሥራት ሦስት ቀን፣ «ጨ»ን ለመሥራት አንድ ዘመን ፈጀብኝ። በመጨረሻ «ሰላም» የሚል ቃል መሐል ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ፕሮግራም ጨረስኩ። እሑድ ጠዋት ክፍል ፊት ቆሜ የማሳየው እሱን ነው።

እማ ያን ጊዜ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እኔ ልጅ ሆኜ ከአጎቶቼ ጋር በሱዳን በኩል ቀድሜያት መጥቻለሁ፤ ያደግሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እሷ ስትመጣ ታላቅ ወንድሟን ማሩን ታሞ፣ ከጎንደር መነሣት አቅቶት፣ ትታው ነው የመጣችው። እንጀራ ስትቆርስ ማሩ፣ ዝናብ ሲጥል ማሩ። «ታሞ ነው ትቼው የመጣሁ» ትላለች፤ ሰው ባይጠይቃትም ትላለች።

ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤ በካሴት ነው። እማ ፊደል አልቆጠረችም፤ እዚያ የቀረችው እህቷ ወርቄም አልቆጠረችም። ስለዚህ ወርቄ ቴፕ ፊት ትቀመጥና ሁለቱን ገጽ በድምፅዋ ሞልታ፣ ለሚመጣ መንገደኛ በአደራ ትሰጣለች። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሰላምታ ነው። እገሌ ሰላም ብሏል፣ የእገሌ ልጅ ሰላም ብሏል፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት እነ እገሌ ሰላም ብለዋል። እኔ እንቅልፌ ይመጣል። እማ ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስሙን አንድ በአንድ ትከተላለች፣ በያንዳንዱ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች። ለጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

የዳስ በዓል አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን ባራሰበት ሳምንት፣ አርብ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ መንገደኛ ካሴት ይዞ በራችንን አንኳኳ። እማ እጇ ዱቄት ነው፤ የሰንበት ዳቦ ምድጃ ልትከት ነው። ካሴቱን በክንዷ ተቀብላ ሳመችው።

«ማሩ አለበት?»

«እኔ አልሰማሁትም እትዬ። አደራ ነው።»

ወደኔ ዞረች። «ሰንበት ሲወጣ ከጎረቤት ጋር እንሰማዋለን። ለብቻ አይሰማም፣ የሁሉም ሰላምታ አለበት። እስከዚያ መሥራቱን እይልኝ ልጄ።»

«ቤሴዴር» አልኳት። እሺ ማለቴ ነው። ያኔ ለእናቴ በዕብራይስጥ መመለስ ትልቅነት ይመስለኝ ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ፕሮግራሜን ልቀዳ ስል የያዝኩት ባዶ ካሴት ክሩ ተጠላልፎ ተበጠሰ። ወደ ሱቆቹ ሮጥኩ። አርብ ከሰዓት ነው፤ ሁሉም ብረት በሩን አውርዷል። ተመለስኩ። ኮምፒውተሩ ከጠፋ የጻፍኩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ማታ ሰንበት ሲገባ ደግሞ እማ ሶኬቱን ትነቅላለች።

አሁን ወደማፍርበት ደረስኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ሰባት ካሴት ነበረኝ። ሰባቱም ጨዋታ። መኪና የሚሽቀዳደምበት፣ መርከብ የሚተኩስበት። አንዱን ማጥፋት እችል ነበር። አንዱን በግራ እጄ፣ የወርቄን በቀኝ እጄ ይዤ ትንሽ አሰብኩ። የወርቄን ከፈትኩት። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከርማችኋል» አለች። ሰላምታ። ፕሮግራሜ አራት ደቂቃ ነው፤ የወርቄ ሰላምታ ሩብ ሰዓት። ከሰላምታ ላይ ብቆርስ ወሬው አይነካም፣ ብዬ በጣቴ ደመርኩ። ሰላምታ ውስጥ ምን ቁም ነገር አለ? የሒሳቤ ብልጠት ራሴን አስደነቀኝ። ከዚያ መቅጃውን ተጫንኩት።

«ይሠራል?» አለችኝ ከኩሽና።

«ይሠራል እማ፣ ሞክሬዋለሁ።»

ቅዳሜ ሰንበት ወጥቶ ሦስት ኮከብ ሲታይ ጎረቤት ሳሎናችንን ሞላው። እትዬ ጥሩነሽ ከላይኛው ፎቅ የሱፍ ፍሬ ይዛ ወረደች። የሠፈሩ ሽማግሌ አባባ ብርሃኑ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀመጡ። ቴፑን ከፈትኩ። ክፍሉ በጩኸት ተሰነጠቀ፤ የባሕሩ ዓሦች ሳይሰሙት አይቀሩም።

«ኧረ ወርቄን ምን ነካት?» አለች እትዬ ጥሩነሽ ጆሮዋን ይዛ። «ጥርሷን ነው የምታስነቅለው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ስለ ኤርፖርት መፈተሻ መሣሪያ ገለጻ ጀመርኩ፦ ጨረር አለው፣ ካሴት ያቃጥላል። ኮምፒውተሩ የተናገረውን ማን ይከራከራል? ጩኸቱ ሲያበቃ ወርቄ መሐል ላይ ብቅ አለች፣ «... የጥሩነሽም አክስት ሰላም ብላለች፣ ጤፉ ዘንድሮ ደህና ነው...» እማ ግን አልሰማቻትም።

«ማሩስ?»

የቴፑን ድምፅ ቀነስኩ።

«አርብ ሞክሬዋለሁ ብለኸኛል። ማሩን ስትጠራው ሰምተሃል?»

ሁሉም አየኝ። አላውቅም፣ ማለት ነበረብኝ።

«ሰምቻለሁ። ማሩ ሰላም ብሎሻል።»

እዚያ ላይ ብቆም ምናለ? እኔ ግን ቅመም ካልጨመርኩ የሚነደኝ ሰው ነኝ። «ድኗል አለች። እህል ይበላል። እንዲያውም ወፍሯል።»

እማ እልል አለች። ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። እትዬ ጥሩነሽ አለቀሰች። አባባ ብርሃኑ ብቻ ከከዘራቸው በላይ ቀና ብለው ረዘም አድርገው አዩኝና «ይሁና» አሉ።

እሑድ ክፍል ውስጥ «ሰላም» ብልጭ ድርግም አለ። መምህሩ አጨበጨቡ።

በዚያው ሳምንት እማ ሚግዳል ወረደች፣ እኔን አስከትላ። ለማሩ ካፖርት ልትገዛ ነው። አንድ ቡናማ ካፖርት ትከሻዬ ላይ ለካች፤ ልክክ አለ። መልሳ ሰቀለችው።

«ሰፋ ያለውን ስጠኝ በለው። ወፍሯል ብለኸኝ የለ?»

ለሻጩ በዕብራይስጥ ነገርኩት። ከሁሉ የሰፋውን አወጣ። ካፖርቱ በመንገደኛ እጅ ተላከ።

ፋሲካ አልፎ፣ አንድ ጠዋት ገና ሳይሞቅ፣ በራችን ተንኳኳ። አባባ ብርሃኑ፣ ከኋላቸው አራት ሽማግሌዎች። በአባባ ብርሃኑ እጅ ፌስታል አለ፤ ከፌስታሉ አፍ ቡናማ እጅጌ ወጥቷል። እማ እጅጌውን አየች። መርዶ የሚነገረው በቃል ነው፤ እማ ግን ቃሉን አልጠበቀችም።

ለቅሶው ጋብ ሲል አባባ ብርሃኑ ወደ ደረጃው ጠርተው ወሰዱኝ። ማሩ ካሴቱ ከመቀዳቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነው የሞተው።

«ልጄ፣ ሞት በካሴት አይላክም። ሰው ብቻውን እንዳይሰማው። ወርቄ ከቤቱ ራስ ጀምራ ሁሉን በስሙ ትጠራለች፤ ያልተጠራ ካለ እዚህ ያለነው እንረዳለን፤ ጠይቀን፣ ተሰብስበን እናረዳለን። ሰላምታው ለዚህ ነው። አንተ ተጠርቷል ስትል እኔም ዝም አልኩ።»

በሰባተኛው ቀን እማ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኳት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አልሰማሁም፣ ወፍሯል ያልኩት ከኪሴ ነው። እንድትመታኝ ጠበቅሁ።

«በምን ሞላኸው?»

«በትምህርት ሥራ።»

«ስድስት ወር» አለች። «ስድስት ወር ሙሉ ሳቅሁበት፣ አላለቀስኩለትም።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። ካፖርቱን እኔ ለበስኩት፤ እሷ ናት ልበሰው ያለችኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ እንደ ድንኳን ዙሪያዬን ሲውለበለብ ሰው በአለባበሴ ሲስቅ፣ እኔም ቀልድ እየጨመርኩ አብሬ ስስቅ ነበር።

ካሴቱንም ከፈትንላት። ጩኸቱን ላሳልፈው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ። «ተወው፣ ይሂድ።» አራቱን ደቂቃ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች። ከዚያ በኋላ ካሴቱን ባሰማናት ቁጥር እንደዚያው ነው።

ይህን ለኖዓ ስነግራት አልሳቀችም። «አባ፣ ታዲያ ይኼ ጩኸት አይደለም እኮ፣ ዳታ ነው» አለች። የድሮውን ኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም አለ አለችኝ። ቁልፎቹን እየነካካች ሳለ እማ የምርኩዝ ጋሪዋን እየገፋች ገባች። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፤ ጆሮዋ ግን ያንን ጩኸት በግድግዳ ውስጥ ይለየዋል።

ጩኸቱ አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ሦስት ጠማማ ፊደላት፣ «ላ»ዋ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ዘንበል ብላ፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። የወርቄን ሰላምታ ያጠፋሁት ለነዚህ ሦስት ፊደላት ነው።

እማ ተጠግታ አየችው። «ምን ይላል?»

«ሰላም ይላል፣ እማ።»

«ከማን?»

ብዙ መልስ ምላሴ ላይ መጣ፤ ቅመሙም አብሮ መጣ። ሰውዬው፣ ማለትም እኔ፣ አርጅቷል እንጂ ከአመሉ አልዳነም።

«ከኔ ነው፣ እማ። ከኔ ብቻ ነው።»

ብልጭ ድርግሙን ትንሽ ቆማ አየችው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ለተጠራ ስም ሁሉ እንደምትለው። ከዚያ ጋሪዋን አዙራ ወጣች።