አራት ቁራጭ ዚካሮን

እስራኤል ውስጥ ሚክላላ፣ ኮሌጅ መሆኑ ነው፣ ገብቼ ሶፍትዌር መማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አባቴ ናታንያ የፋብሪካዎች ሠፈር ውስጥ፣ የአሉሚኒየም መስኮት በሚሠራ ትንሽ ሚፍዓል፣ ፋብሪካ ማለት ነው፣ ይሠሩ ነበር። መቁረጫውን ማሽን የሚያዘው ኮምፒውተር ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ፕሮግራሙን የጻፉት የሚፍዓሉ ባለቤት ራሳቸው ናቸው፤ ከሩማንያ የመጡ ሽማግሌ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ አባቴን፣ «ልጅህ ይህን ትማር የለ? እስቲ አምጣት» አሏቸው።

ሥራው ቀላል ነበር፤ ለአዲስ የመስኮት ልክ ሦስት መስመር መጨመር። ጻፍሁና ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ እንዲለውጥ አዘዝሁት። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይቶ አንዲት ምልክት እንደረሳሁ ነገረኝ። አስተካክዬ እንደገና ሌላ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ።

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «እኔ በዚህ መሀል ምሳዬን እበላለሁ።»

አባቴ እጃቸውን እየጠረጉ መጡና መዳፋቸውን በኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ አሳረፉ።

«ይሄ እየሠራ አይደለም» አሉ።

«እንዴት?»

«ስሚው እንጂ። መጋዝ ሲቆርጥ ድምፁ አንድ ነው። ይሄ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሆነ ነገር ፍለጋ ነው የሚመላለሰው።»

ጆሮዬን አስጠጋሁ። እውነታቸውን ነበር፤ የሚንኳኳው ዲስኩ ነው። እኔ ኮምፒውተሩ ስላረጀ ብቻ የዘገየ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ጠቦት፣ ግማሹን ሥራ ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ መልሶ ያነሣል። ያን ቦታ በዕብራይስጥ ዚካሮን ይሉታል፣ ትዝታ እንደ ማለት።

በማግሥቱ መሀል ከተማ፣ ከአደባባዩ ጀርባ ካለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ሁለት ቁራጭ የድሮ ዚካሮን ይዤ መጣሁ። ስሰካቸው ኮምፒውተሩ መነሣት ትቶ ይጮህ ጀመር።

«አልወደደውም» አሉ አባቴ።

ወደ ጠጋኙ ተመለስሁ። «ይሄ ዓይነቱ አራት አራት ሆኖ ነው የሚገባ፤ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው» አለኝ። መሳቢያውን በርብሮ ሦስተኛውን አገኘ። አራተኛውን ያወጣው የሱቁን በር ደግፎ ከያዘለት አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ሦስቱን እኔ ሰካሁ። የመጨረሻውን አባቴ፣ «እኔ ልሞክረው» ብለው ቀጭ እስኪል ገፉት። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ያንኑ ፕሮግራም አዘዝሁት፤ ዲስኩ ጥቂት ተንኳክቶ ዝም አለ፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰ።

ሽማግሌው ገና አንዴ የገመጡትን ሳንድዊች እንደያዙ መጡ። «ተበላሸ?»

«ጨርሷል።»

አላመኑኝም፤ ቁጭ ብለው ራሳቸው ደግመው አዘዙት። ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሣጥን አንድ ደብተር አመጡ። ጥበቃው አሰልችቷቸው ለዓመታት ያቆዩት ማሻሻያ ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ሞልቶበታል። ያን በጋ በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት አብረን ሠራነው።

ዚካሮኑን የሰካን ዕለት ወደ ሠፈራችን ወደ ራማት የዲዲም በአውቶቡስ ስንመለስ አባቴ፣ «መብራት ሲጠፋ በዚያ በዚካሮኑ ያለው ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ።

«ይጠፋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ምኑን ዚካሮን አላችሁት?»

እሑድ ሚክላላ ስገባ ይህንኑ መምህሬን ጠየቅሁት፤ እሱም አላወቀውም።