ሴት ዱላ ስትይዝ ያየሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ቡሬ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን፣ አመሻሽ ላይ የምሰማው ተረት የአንበሳና የቀበሮ አልነበረም። አባባ የምንላቸው አያቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ፍሙን እየቆሰቆሱ የሚያወሩልን በጉልምስናቸው የተጫወቱትን ገና ነበር፤ በልደት ዕለት ሁለት አጥቢያ ቆልማማ ዱላውን ይዞ እንዴት ሜዳ እንደሚወጣ፣ ከእንጨት የተጠረበችው እሩር እንዴት እንደምታፏጭ፣ ስንቱ ቅልጥሙን ተመትቶ እየሳቀ ቤቱ እንደገባ። ያኔ የኩራዙ ብርሃን በጭሱ መሃል ሲርገበገብ ተጫዋቾቹን ግድግዳው ላይ የማያቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት «እኔስ መቼ ነው የምመታው?» አልኋቸው።

«ገና የወንድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሳይቆጡ ማለታቸው ይበልጥ አንገበገበኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አንዲት አየርላንዳዊት እንግሊዝኛ ልታስተምረን መጣች። አንድ ቀን፣ ሊጠይቋት የመጡ ያገሯ ሰዎች ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ ኸርሊንግ የሚባል የጥንት ጨዋታቸውን እንደሚጫወቱ ነገረችን፤ በዱላና በኳስ ነው አለች። ለአባባ ብነግራቸው ጋቢያቸውን ደርበው በሚኒባስ አብረውኝ ሄዱ።

ጨዋታው ሲጀመር «ይሄማ የእኛው ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን አንገታቸውን አስግገው ያዩ ጀመር። የዱላው ጫፍ እንደ መዳፍ ሰፋ ያለ ነው። ኳሷ በቆዳ የተሰፋች ናት፤ አየር ላይ በእጃቸው ይቀልቧታል፣ ዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጠዋት ይሮጣሉ፣ እየሮጡም ይለጓታል። ሁሉም የራስ ቁር ስላደረጉ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አንዱ ከአንድ ግዙፍ ሰው ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ቁሩን ሲያወልቅ መምህራችን ሆና አረፈችው። የሚደማ ጣቷን በመሀረብ ጠቅልላ ተመልሳ ገባች፤ ኳሷንም ከዚያው ሰውዬ ነጠቀችው።

«ሴት ናት» አሉ አባባ፣ ለራሳቸው።

ሲያበቃ መምህርቷ መሞከር የሚፈልግ ካለ ብላ ዱላዋን ወደ ተመልካቹ ዘረጋች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ፣ ልሞክር?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ዱላው እሷ እጅ ነው ያለ።»

ሦስት ጊዜ አየር መታሁ፤ ሰው ሳቀ። በአራተኛው ኳሷ ሄደች። ሩቅ አልሄደችም፤ ግን ሄደች።

በዚያው ዓመት ለልደት ከወይራ ቆርጬ በእሳት ያጎበጥሁትን ዱላ ይዤ ሰፈራችን ሜዳ ገባሁ። አንድ ጎረቤታችን አባባን «የልጅ ልጅዎን ይጥሯት እንጂ» አላቸው።

«በእግሯ ነው የገባች፤ መውጣት ካሻትም በእግሯ ትወጣለች» አሉት።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሩሯን ሳልነካ ስሮጥ ዋልሁ። በመጨረሻ እሩሯ ከእግሮች መሃል ስታመልጥ ቀድሜ ደረስሁና መታኋት፤ ወዲያው ቁርጭምጭሚቴን ተመታሁ። አልወጣሁም።

ዛሬ ቡሬ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከአባባ ወጎች ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የቀረልኝ፣ እኒያ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን ያመኑትን በአንዲት ቅዳሜ አይተው መተው መቻላቸው ነው። ስለዚህ ልጃገረዶቹን ሜዳ ለማስገባት ከወላጆቻቸው ጋር በየዓመቱ መነጋገር አይሰለቸኝም። ዘንድሮም የአንዷ አባት እምቢ ብለዋል። ነገ ቤታቸው እሄዳለሁ።